ከባድ መኪና ኩርባ ላይ ለምን ይገለበጣል? የደንገጎን መንገድ ይዘን እንነጋገር

መንገድ ሠሪው፦

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ተሳቢ ተገለበጠ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር መልሳችን አንድ ነው፤ "ሾፌሩ በረረበት"። ከዚያ ወሬው ይዘጋል። እኔ ሥራዬ የመንገድ ዲዛይን ነው። ዛሬ ስለ ሾፌሩ ሳይሆን ድሬዳዋንና ሐረርን በሚያገናኘው በደንገጎ ተራራ መንገድ ላይ ስላለው ኩርባ ማውራት እፈልጋለሁ።

ትንሽ ሒሳብ አለችው፤ አትሽሹ። መኪና ኩርባ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አለ። ኃይሉ ከመኪናው ክብደት አንጻር ስንት እንደሆነ ለማወቅ ፍጥነቱን በራሱ አባዙት። ከዚያ ለ127 አካፍሉት፣ የወጣውን ደግሞ ለኩርባው ራዲየስ አካፍሉት። ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር፣ ራዲየሱ (ኩርባው ክብ ቢሆን ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት) በሜትር ነው።

ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ የተራራ መታጠፊያ እንውሰድ። በ30 ሲገቡበት 0.24 ይመጣል። የመኪናው ክብደት 24 በመቶ የሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል ማለት ነው። በ40 ሲገቡበት 0.42 ይሆናል። የተጨመረው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ግፊቱ ግን እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

አሁን ሁለት መኪና አስቡ። የቤት መኪና ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ እስከ 0.7 አካባቢ ይይዛል። ለመገልበጥ ደግሞ ከ1.2 በላይ ግፊት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ከመገልበጧ በፊት ትንሸራተታለች። ጎማ ይጮሃል፣ ተሳፋሪ ይጮሃል፣ ሾፌሩ ደንግጦ እግሩን ያነሳል። ከፍ አድርጎ የጫነ ተሳቢ ግን 0.35 አካባቢ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያም በታች የሚገለበጥ አለ። በዚያ ሰዓት ጎማው ገና አስፋልቱን ጨብጦ ነው ያለው። ጩኸት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው የኋለኛው ተሳቢ የውስጥ ጎማ ከመሬት መነሳቱን ቶሎ አያውቅም። ባወቀበት ሰዓት መሪው ምንም አያደርግለትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ብዙውን ጊዜ ኩርባ የሚሰላው መኪናው እንዳይንሸራተትና ተሳፋሪው እንዳይጨነቅ ነው። በደንገጎ የሚወርደው ግን ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ እህልና ኮንቴይነር ነው። ኩርባው መለካት ያለበት በሚንሸራተተው መኪና ሳይሆን በሚገለበጠው ነው። ምን ትላላችሁ?

ሳቢያን ሰፈር፦

ወንድሜ፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው። ግን ለሾፌር ሰበብ እየሰጠኸው ነው። በ20 ቢወርድ ማን ይገለብጠዋል? መንገዱ እኮ ለሁሉም አንድ ነው። አንዱ በሰላም ይወርዳል፣ ሌላው ገደል ይገባል። ልዩነቱ ሰውዬው ነው።

የጅቡቲ መስመር፦

ሳቢያን፣ አቦ ተረጋጋ። እኔ እድሜዬን በቦቴ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሾፌር ያጠፋል፣ አልክድም። ጫት ቅሞ እንቅልፍ የሚጥለውም አለ፣ ረዳቱን መሪ የሚያስይዝም አለ። እሱን ለብቻው እናውራ። መሐንዲሱ ያለውን ግን ስማው፤ እውነቱን ነው።

ሞልተህ ከወረድክ ቦቴው እንደ ድንጋይ ነው፤ አብሮህ ይዞራል። ግማሽ ከሆነ ግን ነዳጁ የራሱ ሐሳብ አለው። ኩርባ ስትገባ ወደ ውጭ ይሄዳል። አንተ መሪህን ስትመልስ እሱ ገና እየሄደ ነው። ውስጡ ግድግዳ አለው ትሉኝ ይሆናል። ግድግዳው ቀዳዳ ያለው ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ነው የቆመው። ፍሬን ስትይዝ ነዳጁ ወደ ፊት ተወርውሮ እንዳይመታህ ያግዛል። ወደ ጎን ሲንሳፈፍ ግን ምንም አይከለክለውም። ስለዚህ የሚያውቅ ሾፌር ከፊሉን ሲያራግፍ አንዱን ክፍል ጨርሶ ባዶ ያደርጋል እንጂ ሁሉንም ክፍል እየቀነሰ በግማሽ አይተውም።

ሌላው ከብት ነው። ከጅጅጋ በኩል በሐረር የሚያልፈውን የከብት መኪና አይታችሁታል። ከብቱ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ኩርባ ላይ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይደገፋል። ሾፌሩ 30 ላይ ነኝ ይላል፤ ጭነቱ ግን ቦታውን ለቋል።

ስለ ኩርባም አንድ ነገር ልበል። ጠባብ ኩርባ አያስፈራኝም። ጠባብ መሆኑን ከሩቅ ካየሁ ማርሽ እቀንሳለሁ፣ በቃ። የሚያስፈራው እየገባህበት የሚጠብ ኩርባ ነው። አገባቡ ሰፊ ነው፣ "እሺ" ትላለህ። መሃል ላይ ስትደርስ ይቆለፍብሃል። ያኔ ፍሬን ከያዝክ ተሳቢው ይገፋሃል። ካልያዝክ ትገለበጣለህ።

መንገድ ሠሪው፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። "እየገባህበት የሚጠብ" ያልከው በዲዛይንም በጣም የሚፈራ ነገር ነው። ሁለት የተለያየ ራዲየስ ያላቸው ኩርባዎች ተቀጥለው ሁለተኛው ከጠበበ፣ ሾፌሩ ፍጥነቱን የመረጠው በመጀመሪያው ነው። ለቁልቁለት እንዲህ ያለ ቅጥያ ጨርሶ መኖር የለበትም። ከቀጥታው ወደ ኩርባውም በአንዴ አይገባም። ራዲየሱ ቀስ እያለ የሚጠብበት መሸጋገሪያ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ኩርባው እስኪያልቅ ራዲየሱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ሾፌሩ መሪውን አንዴ ይይዛል፣ በዚያው ይወጣል።

ሳቢያን፣ ላንተም ልመልስ። "በ20 ቢወርድ" ያልከው ልክ ነው። ግን ይህን ስሌት እይልኝ። የአሜሪካኖቹ የመንገድ ዲዛይን መመሪያ፣ የአሽቶ ማኑዋል፣ ለ40 ኪሎ ሜትር ኩርባ 0.23 የጎን ሰበቃ (ጎማው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዝበት) ይፈቅዳል፣ ለ80 ደግሞ 0.14። የኛ መንገዶች አስተዳደርም ማኑዋሉን የሚያሰላው በዚሁ ቀመር ነው። መንገዱ ወደ ውስጥ 8 በመቶ ጋደል እንዲል ተደርጓል እንበል። ለ80 የሚሠራው ኩርባ ራዲየሱ 230 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከባዱ መኪና 10 ጨምሮ በ90 ቢገባ፣ ጋደሉ የሚሸከምለት 0.08 ሲቀነስ፣ የሚደርስበት ግፊት 0.20 ነው። አይገለበጥም። በ100 ቢገባ እንኳ 0.26 ነው፤ ይተርፋል። ለ40 የተሠራው ደግሞ ራዲየሱ 41 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ 10 ጨምሮ በ50 ቢገባ 0.40 ይሆናል። ይገለበጣል።

ሁለቱም ሾፌሮች ያጠፉት ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ቤቱ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። ሁለቱም ኩርባ "በማኑዋሉ መሠረት" ነው የተሠራው። ለከባድ መኪና ትርፉ የሚያልቀው ተራራ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ጠባቡ ኩርባ ላይ ነው። በዚያው ኩርባ በ50 የገባ የቤት መኪና ሾፌር ወገቡን ይይዘው ይሆናል እንጂ ያልፋል። እሱ እንዲያጠፋ ተፈቅዶለታል። ባለ ተሳቢው አልተፈቀደለትም።

ሳቢያን ሰፈር፦

እንደዚህ ሲባል ገባኝ። ለሜዳውና ለተራራው ያው ስሌት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐረርጌዋ፦

እኔ መሐንዲስም ሾፌርም አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ፣ ከሐረር ድሬ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መታጠፊያው ላይ ተሳቢው ለምንድን ነው የኛን መስመር የሚይዘው? ጡሩምባ ይነፋል፣ የኛ ሾፌር ዳር ይይዛል፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሾፌሮቹ ናቸው ጋጠወጥ ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ አስቡት። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ከድሬ በእግሩ ዳገቱን የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ሌሊት ነው የሚሄደው፣ ሕፃን ያዘለች እናት ሁሉ አለች። መንገዱ ዳር የሚቆሙበት ከሌለ ያ ተሳቢ ሲታጠፍ የት ይግቡ?

ሲቪል ተማሪ፦

እትዬ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር። በቅርቡ ነው የተማርነው። የኋላ ጎማ የፊቱን ጎማ መንገድ አይከተልም፤ ወደ ኩርባው ውስጥ ይቆርጣል። ስንት እንደሚቆርጥ በግምት ለማወቅ፣ ተሳቢው ከተያያዘበት ነጥብ እስከ ኋላ ጎማው ያለውን ርዝመት በራሱ አባዝቶ ለራዲየሱ እጥፍ ማካፈል ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር ቢሆንና ራዲየሱ 30 ቢሆን 144 ለ60 ነው፣ 2.4 ሜትር ይመጣል። የመኪናው ስፋት ራሱ 2.5 ሜትር ነው። ሲደመር 4.9 ሜትር መንገድ ይፈልጋል። መደበኛ መስመር ደግሞ 3.5 ሜትር አካባቢ ነው።

ስለዚህ ሾፌሩ ምርጫ የለውም። ወይ የኋላ ጎማውን ከአስፋልቱ ያወርዳል፣ ወይ የእናንተን መስመር ይይዛል። መፍትሔው ኩርባውን በውስጥ በኩል ማስፋት ነው። መንገድ ሠሪው ካጠፋሁ ያርመኝ።

መንገድ ሠሪው፦

አላጠፋህም፣ ጎበዝ። የምጨምረው አንድ ነገር ነው። የኋላ ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ የተሸረሸረ ጠርዝ ውስጥ ከገባ፣ ሲመለስ ጠርዙ ያደናቅፈዋል። ከፍታ ያለው መኪና ለመገልበጥ ይሄ ይበቃዋል። በ20 እየሄደም ቢሆን። ስለዚህ ማስፋቱ ለሚኒባሱ ብቻ አይደለም፤ ለተሳቢውም ነው።

እትዬ፣ ስለ ቁልቢ መንገደኞች ያነሳሽው ልቤን ነክቶታል። መንገድ ሲሰፋ የሰፋውን ሁሉ አስፋልት አድርጎ ለመኪና መስጠት ይቀናናል። የእግረኛው ቦታ ለብቻው መሆን አለበት፣ ያውም በኩርባው ውስጠኛ ጎን መሆን የለበትም። ተሳቢው የሚቆርጠው በዚያ በኩል ነው። መኪናው ቢገለበጥ ደግሞ የሚወድቀው ወደ ውጭ ነው። እንግዲህ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ለእግረኛ ደህና ጎን የለም ማለት ነው። አቋራጭ የእግር መንገድ ተሠርቶለት መታጠፊያውን ጨርሶ ቢዘለው ይሻላል። ዳገቱን በእግር የሚወጣ ሰው በየትም አገር አቋራጭ ይፈልጋል፤ እሱኑ ደረጃና መደገፊያ ሠርቶ ማደላደል ነው።

ቀፊራ፦

አንድ የዋህ ጥያቄ። ወደ ውስጥ ጋደል ማለቱ የሚረዳ ከሆነ ለምን በደንብ አያጋድሉትም? 15 በመቶ፣ 20 በመቶ አድርገው ቢገላገሉስ?

የጅቡቲ መስመር፦

ቀፊራ፣ ዳገት የሚወጣውን ረሳኸው። ሞልቶ የጫነ መኪና ደንገጎን የሚወጣው በእግረኛ ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዴም መሃል ላይ ይቆማል፣ ረዳቱ ዘሎ ታኮ ያደርጋል። በጣም ያጋደለ ኩርባ ላይ ቆመህ ጭነቱ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ማየት ነው። ባሌስትራው በአንድ ጎን ይጨፈለቃል። ወላሂ ጭድ የጫነ መኪና ቆሞ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ቆሞ!

መንገድ ሠሪው፦

ከዚህ በላይ እኔም አልገልጸውም። በፍጥነት የሚወርደውን የሚረዳው ጋደል ቀስ ብሎ የሚወጣውን ይጎዳል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ የቆመ መኪና ወደ ውስጥ ሊንሸራተት ይችላል። ለዚህ ነው በ8 ወይም በ10 በመቶ አካባቢ የሚቆመው። ስለዚህ ጠባብ ኩርባን በጋደል ብቻ ማዳን አይቻልም። ራዲየስ ነው የሚያስፈልገው፤ ራዲየስ ደግሞ ተራራ መቁረጥ ነው፣ ብዙ ገንዘብ ነው።

ተራራው ጥንትም አስቸግሯል። የባቡሩ ሐዲድ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሊዘልቅ ታስቦ ነበር። ዳገቱ ስለከበደ በቆላው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ ላይ ነው ድሬ የተቆረቆረችው። አዲስ ሐረር የሚል ስምም ነበራት። ባቡር ያልወጣውን ዳገት ነው ዛሬ ተሳቢው የሚወጣው።

ሲቪል ተማሪ፦

ስለ ፍሬን አልተነሳም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝና መዞር አብረው ሲመጡ ምን ይሆናል?

የጅቡቲ መስመር፦

የኛ ደንብ ቀላል ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ከላይ ሳትጀምር ማርሽህን አስገባ፣ የሞተር ፍሬንህን ክፈት። የእግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ትይዝና ትለቃለህ፤ እየረገጥክ አትወርድም። አንዴ ከጋለ አለቀ። ሽታው ነው የሚነግርህ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢና ከገባ ቁም፣ ጠብቅ። ውሃ እንዳታፈስበት፣ የፍሬኑ ከበሮ ይሰነጠቃል። ኒውትራል አድርጎ ነዳጅ የሚቆጥብ ደግሞ አለ። የሚቆጥበው የሌላ ሰው ነዳጅ ነው፤ የሚከፍለው ግን በራሱ ሕይወት ነው።

መንገድ ሠሪው፦

ቁጥሩን ልስጣችሁ። ድሬ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1880 አካባቢ። የደንገጎ ጫፍ ከሐረርም ይበልጣል። ወደ ድሬ የሚወርድ መኪና ዝቅ የሚለው 700 ሜትር ብቻ ነው ብለን እንኳ እንያዝ። 40 ቶን ከሆነ ወደ 275 ሚሊዮን ጁል ኃይል አንድ ቦታ መራገፍ አለበት። ሞተሩ ካልያዘው ሁሉም ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ከ800 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ከመጀመሪያዎቹ የባሰ አደገኛ ናቸው። መኪናው እዚያ የሚደርሰው ፍሬኑ ደክሞ ነው። ጠባቡን ኩርባ ከታች ያስቀመጠ ዲዛይነር ለደከመ ፍሬን ፈተና አስቀምጧል።

ለጥያቄህ፣ ጎማ ያለው ጉልበት አንድ ነው። ለፍሬን የሰጠኸውን ያህል ለመዞር ይቀንስብሃል። እርጥብ አስፋልት ላይ በኩርባ መሃል ፍሬን የረገጠ ሾፌር የመጀመሪያ ችግሩ መገልበጥ ላይሆን ይችላል። ተሳቢው ይታጠፍበትና መንገዱን ይዘጋዋል።

አሁን ያለውን መንገድ ሳናፈርስ ምን ይደረግ ብትሉኝ፣ ለኔ የመጀመሪያው ማምለጫ መንገድ ነው። ከጠባቡ ኩርባ በፊት ከመንገዱ የሚወጣ፣ ድቡልቡል ጠጠር አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ የተሞላበት ቅርንጫፍ። ፍሬን እምቢ ያለው መኪና እዚያ ገብቶ ይሰምጣል፣ ይቆማል። ጠጠሩ መጠኑ ተመሳሳይና ክብ መሆን አለበት። የተፈጨ ድንጋይ ከሆነ ተጣብቆ ይጠጥራል፣ መኪናው በላዩ ይሄድበታል። በየጊዜው ካልተገለበጠም አቧራና ጭቃ ይሞላዋል። ሠርቶ መተው አይሆንም።

ሁለተኛው የዳር መከላከያ ነው። እስከ ሰው ጉልበት ከፍታ የሚደርሰው ቆርቆሮ ለቤት መኪና ነው። ክብደቱ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን መኪና ከስሩ ይመታዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ከላይ ይገለበጥበታል። ተሳቢን ለመያዝ 1.07 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ነው የሚመከረው።

ሦስተኛው ምልክት ነው። ምልክቱ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ በቀላል መኪና ተሞክሮ ነው። ለከባድ መኪና ለብቻው ይጻፍ። ኩርባው አፍ ላይ ሳይሆን ማርሽ ለመቀነስ ጊዜ የሚሰጥ ርቀት ላይ ይተከል።

ሐረርጌዋ፦

ይሄ ሁሉ ለሚመለከተው ክፍል ቢጻፍስ? "መንገዱ አደገኛ ነው" ብለን ብንጽፍ ማንም አይሰማንም። የትኛው ኩርባ እንደሆነና ራዲየሱ ስንት እንደሆነ ብንጽፍ ግን ሌላ ነው። እኛ መለካት እንችላለን?

መንገድ ሠሪው፦

ይቻላል፣ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። 20 ሜትር የሚሆን ሜትር ወይም ገመድ ይበቃል። የገመዱን ሁለት ጫፍ የአስፋልቱ የውጭ ጠርዝ ላይ አሳርፉና ወጥሩት። ከገመዱ መሃል እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ለኩ። 400ን ለዚያ ርቀት 8 እጥፍ አካፍሉ፣ ከዚያ የርቀቱን ግማሽ ደምሩ። ርቀቱ 1.71 ሜትር ከሆነ ራዲየሱ 30 ሜትር ነው። በአንድ ኩርባ ላይ መሸጋገሪያውን ትታችሁ አገባቡን፣ መሃሉንና አወጣጡን ለየብቻ ለኩ። ራዲየሱ ከላይ ወደ ታች እያነሰ ከሄደ ጋሼ የሚፈራው ኩርባ እሱ ነው።

ግን ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ከኩርባው በላይና በታች ባንዲራ የሚይዝ ሰው ይቁም። ትራፊክ ፖሊስ ሳይነገረው አይጀመር። ዝናብ ባለበት ቀንም አይሆንም።

ሲቪል ተማሪ፦

እኔና የክፍል ጓደኞቼ አለን። ሜትሩም አለን። ጋሼ፣ የትኞቹን ኩርባዎች በቅድሚያ እንለካ?

የጅቡቲ መስመር፦

ከታች ጀምሩ፣ ከድሬ በኩል። መሐንዲሱ እንዳለው ፍሬን የሚደክመው እዚያ ነው። እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ የማውቃቸውን በስልክ ምልክት አድርጌ እልክላችኋለሁ። ባንዲራ የሚይዙ ሁለት ረዳቶችም አመጣለሁ። ጠዋት በጊዜ ይሁን፤ ከረፋድ በኋላ ከአወዳይ የሚመጣው የጫት አይሱዙ ማንንም አይጠብቅም።